ካምቢዮ ሲግል መቆም ነውር አይደለም

እኛ አገር ስለ መኪና የሚወራው ሦስት ነገር ነው፤ ዋጋው፣ ነዳጁ እና አደጋው። መኪና የሌለው ስለ ዋጋው ያወራል፣ ያለው ስለ ነዳጅ ሰልፉ ያወራል፣ አደጋ የተሰማ ቀን ደግሞ ሁላችንም ስለ ሹፌሩ እናወራለን። ከእነዚህ ውጭ የሆነ፣ ማንም ዜና የማይሠራለት አንድ ነገር አለ። በበዓል ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወስዱ ዳገቶች ላይ ታዩታላችሁ። አንዲት ትንሽ አውቶማቲክ መኪና ጥግ ይዛ ቆማለች። ኮፈኑ ተከፍቷል። አባት የውሃ ላስቲክ ይዞ ሞተሩን ያፈጥጥበታል፣ እናት ልጆቹን ከአስፋልቱ ታርቃለች። የሙቀት መለኪያው ምንም አላሳየም፣ ሞተሩም ጤነኛ ነው። መኪናዋ ግን ዳገቱን እምቢ ብላለች።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች መኪና ነው። የፖለቲካ ትንታኔ ጠብቃችሁ የመጣችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ መንገዱ ራሱ ወደዚያ ይወስደናል።

እምቢ ያለው ሞተሩ ሳይሆን ካምቢዮው ነው። ባለፉት 15 እና 20 ዓመታት የከተማችን መኪና ሳናስተውለው ተለውጧል። ድሮ መኪና መንዳት ማለት ፍሪሲዮን መርገጥና ማርሽ መቀያየር ነበር። ዳገት ላይ መኪናው ሲከብደው ሹፌሩ በእጁና በእግሩ ያውቀዋል፤ ሦስተኛ አልሆን ሲል ሁለተኛ ያስገባል፣ ሁለተኛም ሲከብድ አንደኛ። አሁን ቪትዙ፣ ያሪሱ፣ ኮሮላው አብዛኛው አውቶማቲክ ነው። ዲ ላይ አድርጎ መርሳት ነው። ከቦሌ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሲኤምሲ ይህ ልማድ ችግር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ያንኑ ልማድ ይዘን ዓባይ በረሃ ስንወርድ ነው።

የዓባይ ሸለቆን መንገድ የማታውቁ ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ደጀን እስኪደርስ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ጎሐ ጽዮንም ደጀንም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ ድልድዩ ያለበት ቦታ ግን 1,000 ሜትርን ትንሽ ነው የሚበልጠው። ስለዚህ መኪናችሁ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ወርዳ፣ በሌላው 20 ኪሎ ሜትር ያንኑ ያህል መልሳ ትወጣለች። ታች ያለው አየር የበረሃ አየር ነው፤ ደጋ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ከፊት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ የጫነ ተሳቢ አለ።

ይህ የዓባይ ብቻ ጠባይ አይደለም። ከጣርማ በር ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ አለ። ከደባርቅ የሚወርደው ሊማሊሞ አለ። ከአላማጣ ማይጨው የሚወጣው ግራት ካሕሱ አለ። አገራችን እንዲህ ናት፤ ዘመድ ለመጠየቅ እንኳ ተራራ መውጣትና ሸለቆ መሻገር ግድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ገና ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ለሥራ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ስመለስ የሆነውን ላጫውታችሁ። መሥሪያ ቤት የሌለው ጋዜጠኛ የመሥሪያ ቤት መኪናም የለውም፤ ሁሌ የሰው መኪና ላይ ተደርቦ ነው የሚሄደው። ያን ቀን የጫነን በሃያዎቹ መጨረሻ ያለ ወጣት ነው። መኪናዋን ከገዛ ዓመት አልሞላውም። አምስት ሰው ነን። ከኋላ ጤፍ፣ የቅቤ ቆርቆሮ እና የሁላችንም ሻንጣ ተጭኗል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው ልትወልድ ደርሳ ለማረስ የሚሄዱ ናቸው።

ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ስንጀምር ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት አልፏል። ፀሐዩ ይፈጃል። ከፊታችን አንድ ተሳቢ እየተንፏቀቀ ነው። ወጣቱ ለመቅደም ይጠጋል፣ መታጠፊያ ይመጣል፣ ይመለሳል፤ እንደገና ይረግጣል፣ እንደገና ይመለሳል። እንዲህ እያልን ብዙ ከሄድን በኋላ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ጩኸቱን ያህል አይሄድም። የሚንሸራተት ነገር ይመስላል። እማማ ቀድመው ሰሙት።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ደክሞታል መሰለኝ።»

«እማማ፣ መኪና እኮ ነው። መኪና አይደክመውም።»

«ዳገት የሚወጣ ነገር ሁሉ ይደክመዋል። በቅሎ እንኳ ዳገት መሀል ታርፋለች።»

ሁላችንም ሳቅን። ወጣቱ ግን እየሳቀም የዳሽቦርዱን ሰዓት ያያል። «ሳይመሽ ፍቼን ማለፍ አለብን» አለ። ከዚያ በኋላ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ሽታ መጣ። ትንሽ እንደሄድን መኪናው ጨርሶ ጉልበት አጣ፤ እንደ ምንም ጥግ ያዘና ቁልፉን አጥፍቶ ወረደ።

ከኋላችን የአንድ ዕርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር ይመጣ ነበር። ሹፌሩ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ቆሙልን። መጀመሪያ የጠየቁት ሞተሩ ለምን እንደጠፋ ነው።

«ጋሼ፣ ግሎብኝ ነው።»

«የጋለው ሞተሩ ነው ካምቢዮው? የሞተሩ መለኪያ ደህና ከሆነ አስነሳና ፒ ላይ ተወው። ዘይቱ ካልዞረ በምን ይቀዘቅዛል?»

አስነሳው። እርሳቸው አብረውን ቆሙ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ከጠበቅን በኋላ ኤሲውን አጥፍተን፣ ማርሹን ኤል ላይ አድርገን፣ ከተሳቢው ሳንጣላ ቀስ እያልን ወጣን። እማማ በዚያው ሌሊት ልጃቸው ጋ ደረሱ። ካምቢዮው ግን ከወር በኋላ ጋራዥ ገብቶ ወረደ። የፈሰሰውን ዘይት አየሁት። አዲሱ ዘይት እንደ ካርካዴ ሻይ ቀይ ነው፤ ያ ግን የጀበና አተላ ይመስል ነበር።

መካኒኩ ያስረዳኝን፣ በኋላም በራሴ አንብቤ ያጣራሁትን በተቻለ መጠን በቀላሉ ላስቀምጠው።

ማኑዋል መኪና ላይ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው፤ ሸራና ብረት ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። በተለመደው አውቶማቲክ ግን በመሀል ያለው ዘይት ነው። ሁለት ቬንቲሌተር ፊት ለፊት አስቀምጡ። አንዱን ስታበሩት ነፋሱ ሌላውንም ያዞረዋል። ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ነገር ይኸው ነው፤ በነፋስ ፈንታ ዘይት አለው። ሜዳ ላይ በጥሩ ፍጥነት ስትሄዱ ሁለቱ ቬንቲሌተሮች እኩል ይዞራሉ፤ እንዲያውም መኪናው ራሱ አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። ዳገት ላይ፣ ጭነት ይዛችሁ፣ በዝግታ ስትወጡ ግን ቁልፉ ይለቃል። አንዱ በኃይል ይዞራል፣ ሌላው ይዘገያል፣ በመሀል ያለው ዘይት ይናጣል። የሚናጥ ዘይት ይግላል። ያ «ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም» የምንለው ልዩነት ሌላ ቦታ አይሄድም፤ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል።

በጥቅሉ የካምቢዮ ዘይት ጤነኛ ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። 120ን ሲያልፍ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ማርጀት ይጀምራል። ወደ 150 ሲጠጋ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ ውስጥ ያሉት ሸራዎች ይቃጠላሉ። ክፋቱ ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ የምናየው የሙቀት መለኪያ የሞተሩን ውሃ እንጂ የካምቢዮውን ዘይት አይለካም። ላንድክሩዘርን በመሳሰሉ መኪኖች ላይ ለካምቢዮ ዘይት የተለየ መብራት አለ። በብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች ላይ ግን ሹፌሩ ያለው መሣሪያ ጆሮውና አፍንጫው ነው።

ከፍታው ደግሞ ይጨምርበታል። ጎሐ ጽዮን ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ ሹፌሩ ይበልጥ ይረግጣል። የሳሳ አየር ራዲያተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም። የካምቢዮው ዘይት ደግሞ በአብዛኛው የሚቀዘቅዘው በዚያው በራዲያተሩ በኩል በሚያልፍ ቱቦ ነው። ኩላንት ተረስቶ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረ፣ ውስጡ የዛገ ራዲያተር የሚጎዳው ሞተሩን ብቻ አይደለም። ጦሱ ለካምቢዮውም ይተርፋል።

ይህን ከተረዳን መፍትሔው ግማሽ መንገድ መጥቷል። የሚከተለውን ለሚነዳ ዘመዳችሁ አሳልፉት።

ከመነሳት በፊት ዘይቱን እዩ። ብዙዎቹ መኪኖቻችን የተገዙት ሌላ አገር ተነድተው ነው፤ ዘይታቸው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። «የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም» የሚባለውን ለሜዳ አገር ተዉት። ዘይቱ ከጠቆረና ከተቃጠለ ሽታ ካለው ጉዞውን አስቡበት። ስትቀይሩ ደግሞ ዓይነቱን አጣሩ። ሲቪቲ የሚባለው፣ አንዳንድ ቪትዞች ላይም ያለው ካምቢዮ፣ በጥርስ ፈንታ በብረት ቀበቶ ነው የሚሠራው፤ ዘይቱም የራሱ ነው። የተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት ሲገባበት ቀበቶው ይንሸራተታል። «ሁሉም የካምቢዮ ዘይት አንድ ነው» የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ዳገት ስትጀምሩ ዲ ላይ አትርሱት። ኦዲ የሚል ቁልፍ ካለው አጥፉት። ኤስ፣ ሁለት ወይም ኤል ካለው ተጠቀሙ። ዲ ላይ ከተተወ መኪናው ሦስተኛና አራተኛ መሀል ሲዋዥቅ ይውላል፤ እያንዳንዱ ቅያሬ ሙቀት ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ትንሽ ቢጮኽ አትደንግጡ፤ ማርሽ ይዞ የሚጮኽ ሞተር ዘይት ከሚንጥ ካምቢዮ ይሻላል። ኤሲውን አጥፉና መስኮት ክፈቱ። ከተሳቢው ጅራት ላይ አትለጠፉ። ራቅ በሉ፣ እርሱ ይውጣ፤ እናንተ በተስተካከለ ፍጥነት ተከተሉት። ወረፋ ሲቆም መኪናውን ዳገት ላይ በነዳጅ ደግፋችሁ አታቁሙት፤ ፍሬን ይዛችሁ ጠብቁ። በተለይ ዲዛየርን የመሳሰሉ፣ ፍሪሲዮናቸውን መኪናው ራሱ የሚረግጥላቸው አውቶማቲኮች እንዲህ በነዳጅ ሲደገፉ ፍሪሲዮናቸው ወዲያው ነው የሚቃጠለው።

ምልክቱ ሲመጣ ቁሙ። ምልክቱ ሦስት ነው፤ ሞተሩ ጮኾ መኪናው አለመከተሉ፣ ማርሽ ሲቀየር መዘግየቱ ወይም መደንገጡ፣ የተቃጠለ ሽታ። ሰፋ ያለ፣ ከመታጠፊያ የራቀ ቦታ ፈልጉ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ፒ አስገቡ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። የሞተሩ መለኪያ ደህና ከሆነ ሞተሩን አታጥፉት፤ ዘይቱን የሚያዞረው ፓምፕ የሚንቀሳቀሰው በሞተሩ ነው። መለኪያው ራሱ ቀይ ውስጥ ከገባ፣ ጭስ ከታየ ወይም ዘይት ከፈሰሰ ግን ወዲያው አጥፉ፣ ሰውም ይውረድ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ አትክፈቱ። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ። ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ስጡት። ስትነሱ ደግሞ ያችን ድንጋይ አንሱ፤ እናንተን የያዘች ድንጋይ ማታ የሚመጣውን ሞተረኛ ትገለብጣለች።

ጨርሶ እምቢ ካለ በገመድ አታስጎትቱት። እኛ ጋ የተበላሸ መኪና ሁሉ በገመድ ይጎተታል። አውቶማቲክ ግን ሞተሩ ጠፍቶ የሚነዳው ጎማ ሲዞር ካምቢዮው ያለ ዘይት ይዞራል፤ በትንሽ ወጪ የሚድን ነገር ሙሉ ካምቢዮ ያስገዛል። የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት መነሳት አለባቸው፤ ካልሆነ መኪናው ይጫን።

አሁን ደግሞ ቁልቁለቱ። ካምቢዮን ከማቃጠል የከፋው እዚህ ነው፤ ሕይወት የሚያስከፍለው ይህኛው ነውና። ነዳጅ ይቆጥባል እየተባለ ኤን ላይ አድርጎ መውረድ በአገራችን እንደ ብልሃት ይቆጠራል። በአሁኖቹ መኪኖች ላይ ይህ ስሌት እንኳ አይሠራም፤ ማርሽ ላይ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ኮምፒዩተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ይዘጋል። ኤን ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ነዳጁን ተዉት፤ ከ1,400 ሜትር ከፍታ የሚወርድ 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና የሚያወጣውን ኃይል አስቡ። ወደ ሙቀት ቢለወጥ ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ነፋሱና ጎማው የተወሰነውን ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ትንንሾቹ የፍሬን ሸራዎች። ማርሽ ካወጣችሁ ሸራዎቹ ብቻቸውን ቀሩ። ስለዚህ ኤል፣ ሁለት ወይም ቢ ላይ አድርጋችሁ ውረዱ፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ልቀቁት፣ ሲያስፈልግ ደግሞ እንደዚያው። መርገጫው ላይ እንደተደገፉ መውረድ አይቻልም።

እስከዚህ ያለውን የትኛውም ጎበዝ መካኒክ ይነግራችኋል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ወጣቱ ምልክቱን ሰምቷል። እማማ ነግረውታል። ለምን አልቆመም?

አንደኛው ምክንያት ኩራት ነው። እኛ ጋ ኮፈን ከፍቶ መቆም የተዋረደ ሰው ምልክት ነው። የሚያልፈው ጥሩምባ ይነፋል፣ ከሚኒባስ አንገቱን አውጥቶ የሚያላግጥ አይጠፋም። ስለዚህ መኪናው ራሱ እስኪያቆመን ድረስ እንነዳለን። ይህ ጠባይ መንገድ ላይ ብቻ ያለ አይመስለኝም። ቢሮም፣ ቤትም፣ መንግሥትም ውስጥ ምልክት ይመጣል፣ የሚሸት ነገር ይሸታል፤ ሁሉም የዳሽቦርዱን ሰዓት ያያል። ቀድሞ የተናገረውን ደግሞ እንደ እማማ እንስቅበታለን። እርሳቸው ስለ ቶርክ ኮንቨርተር ምንም አያውቁም፤ ዳገት ግን ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጭነት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ነገር ሲያሳርፉ ኖረዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ኩራት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ዛሬ እየባሰ የመጣው ይህኛው ነው። ያኔ «ሳይመሽ ፍቼን ማለፍ አለብን» ማለት የተለመደ የሹፌር ጥድፊያ ነበር። አሁን ያው ዓረፍተ ነገር ሌላ ትርጉም አለው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ሰሜናዊ መንገዶቻችን በየጊዜው እየተዘጉ ሲከፈቱ ቆይተዋል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ገርበ ጉራቻ አካባቢ፣ በዚሁ የጎሐ ጽዮን መንገድ ላይ፣ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሌሎች መንገደኞች ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ይህን የሰማ ሹፌር በረሃ መሀል ሠላሳ ደቂቃ ቆሞ ካምቢዮ አያቀዘቅዝም። መኪናው ቢቃጠል ይመርጣል። ሞኝ ስለሆነም አይደለም፤ አስልቶ ነው።

እዚህ ላይ የመካኒክ ምክር ያልቃል። «ሲግል ቁም» የሚለው ቃል መቆም የሚቻልበት መንገድ አለ ብሎ ያስባል። መመሪያ መጽሐፉን የጻፈው ኢንጂነር ሹፌሩ ጥግ ይዞ ሻይ እየጠጣ ሲጠብቅ ነው የታየው፤ በጫካው በኩል ማን እንደሚመጣ እያየ ሲጠብቅ አይደለም። የሰላም መጥፋት ዋጋው ዜና ላይ በሟችና በታጋች ቁጥር ይነገራል። ከዚያ በታች ደግሞ ማንም የማይቆጥረው ዋጋ አለ፤ በፍርሃት ሳይቆም የተነዳ መኪና፣ በጥድፊያ ያለ ማርሽ የተወረደ ቁልቁለት፣ የበዓል ጉዞውን የሰረዘ ቤተሰብ፣ ልጇን ልታርስ ያልሄደች እናት።

«ነዳጅ መኪና እየቀረ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀራል» የሚለኝ ወዳጅ አለ። እውነት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በዘይት የሚናጥ ካምቢዮ የለውም፣ ቁልቁለት ላይም ባትሪውን ይሞላል። ነገር ግን አሁን ያሉት መኪኖች ነገ አይጠፉም፤ አዲስ ስለማይገባ እንዲያውም ይበልጥ እያረጁ አብረውን ይከርማሉ። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ዳገት ላይ ባትሪውና ሞተሩ ይግላል። ጎሐ ጽዮን ላይ ባትሪውን ጥግ ድረስ ሞልቶ የሚወርድ ሰው ደግሞ ባትሪው ተጨማሪ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው መኪናው እንደለመደው አይዝለትም። ቴክኖሎጂው ቢለወጥም ተራራው ያው ነው፤ ማረፊያ ቦታውም ያው ያስፈልጋል።

ማረፊያ ቦታ ስል ትልቅ ነገር መጠየቄ አይደለም። ዳገቱ ወገብ ላይ መኪና ከመንገድ ወጥቶ የሚቆምበት ደልዳላ ቦታ፣ ውሃ፣ ጥላ፣ የሚጠብቅ ሰው። የመንጃ ፈቃድ ስልጠና ላይ «ኤል ለምንድን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ። እኔ የተማርኩበት ማሰልጠኛ አንድም አውቶማቲክ መኪና አልነበረውም፤ ከዚያ የወጡት ልጆች ግን ዛሬ አብዛኞቹ አውቶማቲክ ነው የሚነዱት።

እስከዚያው እኛ በእጃችን ያለው ጊዜ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሌሊቱ ሲነጋ ተነሱ። ዳገቱን ፀሐይ ሳይበረታ ውጡት። ሰው ያለበት ከተማ ስትደርሱ፣ ሳይግልም ቢሆን፣ ቁሙ። ጎሐ ጽዮን ከመውረዳችሁ በፊት ቁርስ ብሉ፣ ደጀን ስትወጡ ቡና ጠጡ። ቡናው እስኪፈላ መኪናውም ይቀዘቅዛል። ቀድሞ የተነሳ ሰው መቆም አይፈራም፤ ሰዓቱ አያባርረውም። ከሁሉም በላይ ግን ከመሀላችሁ አንድ ሰው «ደክሞታል መሰለኝ» ሲል አትሳቁበት፤ ሹፌሩን ጥግ ያዝ በሉት።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።